ሃያ ዘጠነኛዋ አረር

ጦርነቱ ቅዳሜ በቀትር እንደሚጀመር የሰማሁት ከሥጋ ሻጩ ነው። እናቴ ቋሊማ ስትገዛ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሰውየው ሥጋውን በወረቀት እየጠቀለለ፣ «እንግዲህ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው። መቶ ዓመት ጠብቀናል። ባልሽ ጌለን ጥይቱን ያደርሳል?» አላት።

«ያደርሳል» አለች እናቴ። «ባያደርስ ቤት አይገባም።»

ስድስት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ አብቅቷል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በእኛ ከተማ ስለ ጦርነቱ ሲወራ የትናንት ነገር ይመስላል። «እዚህ አጥር ሥር ነው የወደቁት» ይላሉ። «በዚህ መስኮት ገብቶ በዚያኛው ወጣ» ይላሉ። ስለዚህ ነገሩን በራሴ አእምሮ ደረስኩበት፦ ጦርነቱ መቶ ዓመት አርፏል፤ ቅዳሜ ይቀጥላል።

ማስረጃ ሞልቷል። የባንኩ ጸሐፊ ሰማያዊ የሱፍ ኮት ለብሶ፣ በመስከረም ሙቀት ላቡ እየተንጠባጠበ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጠመንጃ ተሸክሞ ይሰለፋል። ጸጉር አስተካካያችን ደግሞ ግራጫ ለብሶ ከወንዙ ማዶ ቆሞ፣ «ኑ እንግዲህ፣ እናንተ የወተት ጠጪ ልጆች!» እያለ ሲሳደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ምላጭ ይዞ ከማጅራቴ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ጠላት ኖሯል! ለእህቴ ለአርዲት ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ብዙ ታውቃለች።

«ዝም በል» አለችኝ። «እንዳወቅን እንዳያውቅ።»

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥይቱ በእኛ ቤት መሠራቱ ነው። በአባቴ!

አባቴ የወንበርና የጠረጴዛ እግር በቶርኖ የሚቀርጽ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቶርኖው ጥግ ይዞ ወርክሾፑ በአረር ተሞላ። የድሮ መድፍ አረር ክብ ነው፤ የትንሽ ልጅ ራስ ያህላል። አባቴ ሲሚንቶ ከብረት ፍርፋሪ ጋር ያቦካና በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ያፈስሰዋል። ከዚያ በሚዛን ይመዝነዋል፤ ትንሽ ከጎደለ ሰብሮ ይጥለዋል። «ሰው አይቶ ብቻ አይደለም ማመን ያለበት» ይል ነበር። «ሲያነሣት ወገቡ ይንገረው።» ለእሳቱ መግቢያ ከአናቷ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳዋን በእንጨት ውታፍ ይደፍናል። ጥቁር ቀለም ይቀባታል። ከሥሯ የእንጨት ሲኒ ያስቀምጥና በሁለት የቆርቆሮ ቀበቶ ያስራታል። ከሲኒው በታች እናቴ የሰፋችው የሱፍ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ነው። እኔ ግን የሰጋቱራ መልክ ያለው፣ ምስጢራዊ ባሩድ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ነበር፤ አገሩ ሜሪላንድ። የከተማው ኮሚቴ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እዚያ የተደረገውን ውጊያ መቶኛ ዓመት ለማክበር አንድ እውነተኛ መድፍ ከነጥይት ሣጥኑ ተውሶ ነበር። ሣጥኑ ባዶ ነው። ሃያ ስምንት አረርና አራት የቆርቆሮ ጣሳ ጥይት ይይዛል። ጣሳዎቹ ተሠርተው አልቀዋል። ሃያ ስምንቱ አረር ቅዳሜ በቀትር፣ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ክዳኑ ሲከፈት ተደርድረው መታየት አለባቸው። አባቴ ይህን ያህል ሰው ፊት የሚታይ ነገር ሠርቶ አያውቅም። የጠረጴዛ እግርን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?

ሐሙስ ዕለት ሚስተር ክረል መጣ። በአውራ ጎዳናው ዳር የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የእንጨት ልጣጭ እየሰበሰብኩ ነበር፤ ጫማው አፍንጫዬ ድረስ መጣ።

«ጌለን፣ አንተ ሰው!» አለ። «የጄኔራሉን ሚስት ታታልላለህ! ይህች ጠባሳ ባትኖር።»

አባቴ በእያንዳንዷ አረር ላይ፣ ከውታፉ አጠገብ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመሮ ሁለት መስቀለኛ መስመሮች ይቆርጥ ነበር። የጥፍር ያህል ናት። ጠባሳ የሚሏት እሷን ነው።

«ትኑር» አለ አባቴ።

«የደቂቃ ሥራ እኮ ናት። ስቱኮ ጠቅ፣ ቀለም ቀባ፣ አለቀ።»

«አይሆንም።»

«እንዲህ ሆና ማን ይቀበልሃል? ሰው ሁሉ የሚፈልገው ንጹሑን ነው።»

«አይሆንም አልኩህ፣ ክረል።»

ጫማው ዞሮ ወጣ።  አባቴ መሮውን አነሣና መሳል ጀመረ።

እኔ እንዲህ ተረዳሁ፦ ጥይቶቻችን ጠባሳ አለባቸው። ጠባሳ ያለው ጥይት አይተኮስም። አባቴ ሊያስተካክለው ሞክሮ አልሆን ብሎታል። ራሱ አፉን ሞልቶ «አይሆንም» አለ። ምስኪን አባቴ! ቅዳሜ ጸጉር አስተካካዩ ወንዙን ተሻግሮ ሲመጣ በምን እንመልሰዋለን?

ሚስተር ክረል የፈለገው ሌላ ነበር። አረሮቹን ጥቂት አፈር ቀብቶ፣ ለአላፊ አግዳሚ «ከእርሻ የወጣ» ብሎ ሊሸጥ ነው። አባቴ ጠባሳዋን የሚቆርጠው ማንም እንዳይታለል ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እሱ ከመጀመሪያው ይብሳል። እውነተኛዎቹ አረሮች ዛሬም በእርሻው ውስጥ አሉ፤ አንዳንዶቹ ባሩዳቸው በሆዳቸው ነው። የእሱ ሥራ ከእነዚያ ጋር እንዳይምታታ ይፈራ ነበር። በወጣትነቱ፣ በራሱ ዘመን ጦርነት ሦስት ዓመት ጥይት አቀባይ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚያ አንድም ቀን አላወራም።

በዚያው ሐሙስ ማታ፣ እራት ላይ፣ አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ ሁለታችንን አየን።

«በወርክሾፑ ጥግ፣ ጆንያው ጋ የተኛችውን እንዳትነኩ» አለ። «ሰኞ ሰዎች መጥተው ይወስዷታል። እስከዚያ እንደተኛች ትቆይ። ገባችሁ?»

ገባን። እንዴት አይገባን? ጥጉ ላይ፣ ጆንያው ላይ ድመታችን ሰናፍጭ ትተኛለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ ነው።

«ለምን ይወስዷታል?» አልኩ አልጋዬ ላይ፣ እንባዬ መጥቶ።

አርዲት አሰበችበት። «ለሠራዊቱ ነው። አይጥ ስንቃቸውን እንዳይበላ።»

«ልጆቿስ?»

«እነሱም ይዘምታሉ።»

እንባዬ ደረቀ። ከቤታችን ዘማች ወጣ ማለት ነው!

ከድመቷ ሥር፣ ጆንያው ውስጥ፣ የጎረቤታችን የሬይመር በር መያዣ እንዳለች ሁለታችንም አላወቅንም። ሬይመር አረሯን ለአባቴ ያዋሰው እንዲለካት ነው። እውነተኛ ናት፤ አያቱ ከእርሻ አውጥቷት ሰማንያ ዓመት በር ስትይዝ ኖራለች። አባቴ ለካት፤ ከዚያ መዘናት። ባዶ ከሚገባት በላይ ከበደች። ልዩነቱ ልክ የባሩዱን ያህል ነው። ቀስ አድርጎ ጆንያው ውስጥ አስቀምጧት ወደ ጦር ሰፈሩ ስልክ ደወለ። ሰኞ እንመጣለን አሉት። ልጆቹን ላለማስደንገጥ «ተኝታለች» አለን። ድመት ደግሞ የተመቻት ላይ ትተኛለች።

ዓርብ አባቴ የቆርቆሮ ቀበቶውን ሊያመጣ ከተማ ሄደ። እናቴ ሬይመር ቤት ማርማላታ ልታማስል እኛን አስከትላ ወጣች። በግቢው የመዳብ ጎላ ተጥዶ፣ ፖሙ እየተንፈቀፈቀ፣ ሴቶቹ ረጅሙን መቅዘፊያ እየተቀባበሉ ያማስላሉ። አንድ ጊዜ ካቆሙ ያራል። ቅርንፉዱ ሸተተን፤ ዳቦ ላይ ቀብተው ሰጡን። ግን ማን ልብ ብሎ ይብላ? ነገ ጦርነት ነው!

አርዲት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ና፣ ወታደር» አለችኝ።

በበቆሎው ውስጥ ሮጠን ወርክሾፑ ገባን። ሃያ ስምንቱ አረር በረጅሙ ሳንቃ ላይ ተደርድረው ያበራሉ። እያንዳንዷ ጠባሳ አላት። አርዲት የስቱኮውን ጣሳ ከፈተች።

«አንተ ትይዛለህ፣ እኔ እደፍናለሁ።»

«እኔም ልድፈን!»

«እሺ፣ አንድ። ጣትህን ግን አትላስ፣ አህያ!»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በጣታችን እየጠቀጠቅን፣ በጨርቅ እያለሰለስን ሄድን። ጠባሳዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እጄ ነጭ ሆነ፣ ጸጉሬ ነጭ ሆነ። ቀለሙን ስንደግምማ፣ ወይ ጉድ! ንጹሕ፣ ጥቁር፣ እንደ ቁራ ዓይን። ሚስተር ክረል ይህን ቢያይ ምን ይላል! አባቴ ነገ ጠዋት በሩን ሲከፍት! በደስታ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ።

ያኔ ሰናፍጭ ተነሣች። ተንጠራራች፣ አዛጋች፣ አይጥ ልታድን ወጣች። ከተኛችበት ጆንያ አፍ አንድ ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች አርዲት።

ጎትተን አወጣናት። አስቀያሚ ናት። ዝጋለች፣ ፊቷ እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሯል፣ ውታፏ ተጣሟል።

«የአባዬ የመጀመሪያ ናት» አልኩ። «ሳይለምድ የሠራት።»

«አፍሮባት ነው የደበቃት» አለች አርዲት። ድምፅዋ በአዘኔታ ተሰበረ። «እናድናት።»

ያየነውን ሁሉ እውነተኛ ብለን፣ እውነተኛዋን የከሸፈች አልናት።

መሬት ተቀመጥኩና በጉልበቶቼ መካከል ያዝኳት። አርዲት የሽቦውን ብሩሽ አነሣችና ፈተገቻት። ዝገቱ እንደ በርበሬ ቦነነ፤ አነጠሰኝ። ፈተገቻት፣ ፈተገቻት። ከዚያ ውታፉን አየችው።

«ይሄ መግባት አለበት።» የእንጨት መዶሻውን አመጣች። ጧ! ጧ! ውታፉ አልነቃነቅም አለ።

«ስጪኝ፣ እኔ እመታዋለሁ!»

«ጉልበት የለህም።»

«አለኝ!»

ተቀያየርን። እሷ ያዘች፣ እኔ መዶሻውን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሣሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ አወረድኩት። ሳትኩ፤ ወለሉን መታሁ። አርዲት እስኪያማት ሳቀች፣ እኔ ተናድጄ መዶሻውን ወረወርኩት።

ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ብዙ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። እንደዚያ መሳቴ ያለ መልካም ነገር አልሠራሁም።

ቡርቡሩን በስቱኮ ሞላን። ጥቁር ቀባናት። እንዳታፍር ብለን ከረድፉ መካከል፣ ከእህቶቿ ጋር አስቀመጥናት። ከዚያ እየሮጥን ወደ ማርማላታው ተመለስን። ሰናፍጭም ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። አባቴ አምሽቶ መጣ፤ ቆርቆሮውን በረንዳ ላይ አስቀምጦ ተኛ።

ቅዳሜ ማለዳ ከአልጋዬ የተነሣሁት ዘልዬ ነው። አባቴ ተላጭቶ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ተከትለነው ወጣን፤ ፊቱን ልናይ ነው! የወርክሾፑን በር ከፈተ። ገባ። 

«ማነው የነካቸው?» አለ ዞር ሳይል።

አርዲት ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠች። «ጠባሳቸውን አዳንናቸው፣ አባዬ!»

«ሁሉንም!» አልኩ እኔ።

ጣቱን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ሃያ ዘጠኝ» አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሳያይ፣ «የተኛችውስ የት አለች?»

«ያቻትና!» አልኩ ኮርቼ። «አልነካናትም። እንደተኛች ናት።»

ሰናፍጭ ጆንያው ላይ ተጠቅልላ አንድ ዓይኗን ገለጠች። አባቴ ሄደና አነሣት። ድመት ሲያነሣ አይቼው አላውቅም። በሌላ እጁ ጆንያውን ዳበሰ። ጆንያው ጠፍጣፋ ነው። ድመቷን አምጥቶ እቅፌ ውስጥ አስቀመጣት።

«ይዘሃት ወደ እናትህ ሂድ» አለኝ በሹክሹክታ። «አርዲት፣ እጁን ያዢ። ቀስ ብላችሁ። እንዳትሮጡ።»

«ስንቅ ጠባቂነቷ ቀረ?» አልኩት።

«ሂዱ።»

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ዱቄት በእጇ እንዳለ ስልኩን አነሣች። በዚያን ጊዜ ስልክ ለስድስት ቤት አንድ መስመር ነው፤ አንዷ ጎረቤት ሁልጊዜ ታወራበታለች።

«ኢዳ፣ መስመሩን ልቀቂ!»

«የኬኩን አሠራር እየነገርኳት ነው እኮ፣ ትንሽ…»

«ልቀቂ፣ ቦምብ አለ!»

«የማን ቦምብ?»

«ልቀቂ አልኩሽ!»

ለጦር ሰፈሩ ነገረቻቸው። ኢዳም ለተቀሩት ነገረቻቸው። እናቴ እኛን ጎትታ ከወተት ማቀዝቀዣው የድንጋይ ቤት ጀርባ አስቀመጠችን። «ተኙ፣ መሬት!» ድመቷ፣ እህቴ፣ እኔ፣ እናቴ ከላያችን።  ጦርነቱ ከሰዓቱ ቀድሟል፣ በእኛ ቤትም ጀምሯል!

በእናቴ ብብት ሥር አሾልቄ አየሁ። የወርክሾፑ በር ክፍት ነው። አባቴ ከሳንቃው ፊት ተንበርክኳል። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን በመጀመሪያዋ አረር ላይ አሳረፈ። ቆየ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ። ጉንጩን አሳረፈ። ወደ ሦስተኛዋ።

«እየሳማቸው ነው» አልኩ። «ሊሰናበታቸው።»

እናቴ አፌን ያዘችኝ። እጇ ዱቄት ዱቄት ይላል።

በልጅ ቃል አይተማመንም። መታ ማድረግ አይችልም። መፋቅ አይችልም። ክብደታቸውን ራሱ ከሙሉ ጥይት ጋር አስተካክሎታል፤ ማግኔት ሁሉንም ይስባል፣ የብረት ፍርፋሪ አለባቸውና። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፦ ማለዳ ላይ ብረት ከሲሚንቶ ይልቅ ሰውነት ያቀዘቅዛል። መዳፉ በሥራ ደንዝዟል፤ አያምነውም። ጉንጩ ግን አሁን የተላጨ ነው።

አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ቆየ። ቀና አለ። ቀጥሎ እስከ መጨረሻዋ ሄደ። ተመለሰ። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ጉንጩን ደግሞ አሳረፈ። ከዚያ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አነሣት።

ግማሽ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በግቢው አለፈ፣ አጥሩን አለፈ፣ በሬይመር የታረሰ ማሳ ውስጥ ገባ። እግሩን ሳያይ፣ አንድ ጊዜም ሳይደናቀፍ ሄደ። መሃል ላይ፣ ትልም ውስጥ አስተኛትና ወደ ኋላ እየሄደ ተመለሰ።

ሬይመር ወሬውን ሰምቶ ይሸሻል ስንል በፒካፕ መጣ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው።

«ጌለን! ያቺ የእኔ በር መያዣ ናት!»

«የአንተ ናት።»

«አያቴ እኮ ለውዝ ይሰብርባት ነበር!»

«አያትህ ደግ ሰው ነበር» አለ አባቴ። «እግዜር ወዶታል።»

ሬይመር ማሳውን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። «በየገናው» አለ ቀስ ብሎ። «በየገናው፣ እኛ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠን።»

ወታደሮቹ በጂፕ መጡ፤ ሁለት ወጣቶች ናቸው፣ አንደኛው ብጉር አለበት። ተንበርክከው አይዋት፣ አሸዋ በሞላው ሣጥን ውስጥ አስተኟት። ወደ አሮጌው የድንጋይ ካባ እንወስዳታለን አሉ። ስታልፍ ሰላምታ ሰጠኋት። ከእኛ ወገን መጀመሪያ የዘመተችው እሷ ናት።

ሦስት ሰዓት ሆኗል። እስከ ቀትር ሦስት ሰዓት ቀርቷል። አረሮቹ ገና በሲኒያቸው አልተቀመጡም፣ ቀበቶ አልታሰረላቸውም። የሚስተር ክረል መኪና ግቢ ገባ። ወሬውን ሊሰማ ይሁን አረሩን ሊያይ እንደመጣ እንጃ። ወርክሾፑ ገባና ቆመ።

«ጌለን!» አለ። «በመጨረሻ ልብ ገዛህ! እስቲ እያቸው! እነዚህን የሚለይ ሰው አልተወለደም!»

አባቴ መሮና መዶሻ አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጠባሳቸውን ልመልስ።»

«አብደሃል? ሰዓቱን አላየህም? አገር ምድሩ ተሰብስቦ ባዶ ሣጥን ሊያይ ነው?»

«ባዶ ከሆነ ባዶ ይይ።»

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። «ጌለን» አለች፣ «ለዛሬ ብቻ እንዲሁ ይሂዱ። ማታ ስንመልሳቸው ትቆርጣለህ። ይህን ያህል ወር የለፋህበትን…»

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። ጥቁሩ ጉንጩ በብርሃን ታየ።

«የሠራኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬ ጠዋት የእጄን ሥራ ከዚያች መለየት አቅቶኝ ተንበረከክሁ። ሌላው በምን ይለያል?»

 እናቴ ሄዳ የቆርቆሮ ቀበቶዎቹን ከበረንዳው አመጣች። ሬይመር እጅጌውን ሰበሰበ። ሚስተር ክረል ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አባቴ ይቆርጣል፣ ሬይመር ሲኒው ላይ ያስቀምጣል፣ እናቴ ቀበቶውን አጠላልፋ ትይዛለች፣ አርዲት ምስማር ትመታለች፣ እኔ ምስማር በአፌ ይዤ አቀብላለሁ። «ምስማር!» «ቀበቶ!» «ቀጥል!» «ጣቴን!» «ጣትሽን አንሺያ!» ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። መሮው ባረፈ ቁጥር ግን እኔ እንባዬ ይወርዳል። ያዳንናቸው ሁሉ እንደገና ተሰነጠቁ።

«እንሸነፋለን» አለችኝ አርዲት በጆሮዬ።

አባቴ ሰማ። «ማነው የሚሸነፈው?»

«እኛ» አልኩ ምስማሩን ተፍቼ። «ጦርነቱን። በጠባሳ ጥይት! ጸጉር አስተካካዩ ይገድለናል!»

መሮው አየር ላይ ቆመ። አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሬይመር ወደ ውጭ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ሳል ያዘው። ሲያለቅሱ መሰለኝ።

«አንሸነፍም» አለ አባቴ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። «ምስማር አቀብለኝ።»

አቀበልኩት።

ሃያ ስምንተኛዋ ሲኒዋ ላይ ስትቀመጥ ለቀትር ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። በሬይመር ፒካፕ፣ ከኋላ፣ አረሮቹን በብርድ ልብስ አጋድመን፣ እኔና አርዲት እንዳይንከባለሉ እግራችንን ዘርግተን ከተማ ገባን። ነፋሱ! ባንዲራው! ሰው እንደ ጉንዳን! ሬይመር የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋ፣ «ጥይት ነው፣ መንገድ! ጥይት ነው!» እያለ ሰንጥቆ ገባ። የኮሚቴው ሰውዬ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ መሐረቡን እያወዛወዘ ይጮኻል። ተቀባበሉን። አረሮቹ አንድ በአንድ ሣጥኑ ውስጥ ገቡ፣ ልክ በየጎጆአቸው፤ ጠባሳቸው ወደ ላይ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ አንዲት አሮጊት ነጭ ጓንቷን አስነክታ አበላሸች።

«ይህች ጭረት ምንድን ናት?» አለችው አባቴን።

«አትፈነዳም ማለት ናት» አለ።

የሰዓቱ ማማ መምታት ጀመረ። በጎዳናው በአንዱ ጫፍ ሰማያዊዎቹ፣ በሌላው ግራጫዎቹ ተሰለፉ። ጸጉር አስተካካዩን አየሁት፤ ጥርሱን እያሳየ ወደ እኔ እጁን አወዛወዘ። አንድ፣ ሁለት፣ እያልኩ ከደወሉ ጋር ቆጠርኩ። ደወሉ ሳይጨርስ ከከተማው ወዲያ፣ ከድንጋይ ካባው በኩል፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። የፍርድ ቤቱ መስኮቶች ተንቀጫቀጩ። እርግቦች ከጣሪያው ተነሡ። ሕዝቡ በዓሉ የተከፈተ መስሎት በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ሙዚቀኞቹ ሳይታዘዙ ጀመሩ።

«ተጀመረ!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ፣ ተጀመረ! የእኛ ናት! የእኛ ናት የተኮሰችው!»

አባቴ ወደ ጢሱ አላየም። አላጨበጨበም። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጄን ያዘ። አውራ ጣቴን ከሥሩ እስከ ጥፍሩ ጨመቀው፤ ከዚያ ቀጣዩን፤ ከዚያ ቀጣዩን። ሲጨርስ ግራ እጄን ያዘ። የእኔን ሲጨርስ የአርዲትን ያዘ።

«አሥር ናቸው፣ አባዬ» አልኩት። «መቁጠር እችላለሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ፤ የእሷን ሲጨርስ እንደገና ከእኔ ጀመረ።